ምላስ የሌለው እንግዳ

ጦይባ ጅማ ደርሷት፣ ጎህ ሳይቀድ አውቶቡስ ልትሳፈር፣
ሻንጣዋ ተዘግቶ፣ ጫማዋ ታስሮ፣ አፏ ገና ሳይታሰር፣
«አባዬ» አለችኝ፣ «ሌላውን ተወው፣ ስለ ቦርከና እንነጋገር።»

ቦርከና ወንዙ አይደለም። ቦርከና እንቁራሪት ነው፣
ከኮምቦልቻ በታች፣ ከረግረጉ ዳር፣ በጀሪካን ያመጣችው፤
እግሩ ባለ ጥፍር፣ ጀርባው የጭቃ መልክ፣ ሆዱ የወተት፣
ዓይኑ ሁልጊዜ ወደ ላይ፣ ዝናብ እንደሚጠብቅ፣ ወይም ምሕረት።

እኔ ሰዓት ጠጋኝ ነኝ፤ ፒያሳ፣ ከፎቁ ሥር፣ በአንዲት ጠባብ ደጅ፤
ደቃቅ ነገር አያስፈራኝም፤ ግን እንዲህ ያለ ወዳጅ!
የሰዓት ማሳያዬን መስታወት በሲሊኮን አጣብቃ፣
ጠጠር አንጥፋ ቤት ሠራችለት፣ ሰዓቶቼን ካርቶን ውስጥ ጥላ፣ ስቃ።

ከደብተሯ ገንጥላ ግድግዳው ላይ የለጠፈችው ሕግ አለ፤
«በሳምንት ሁለቴ ብቻ! ሲያይህ ቢንጠራራም ውሸቱን ነው» እያለ።
«የቧንቧ ውሃ እንዳትጨምር ሳያድር፣ ሽታው ሳይወጣ፤
በሳሙና እጅ እንዳትነካው፣ በቆዳው ነው የሚጠጣ።
ክዳኑ ላይ ድንጋይ ጫን።» ይኼን በቀይ አስምራበታለች፤
አባቷን ታውቃለች።

የደሴ ውሃ በፈረቃ ነው፤ ሲመጣም ሌሊት፣ እያስነጠሰ፤
ጀሪካን እደቅናለሁ፣ የጋቢዬ ጫፍ እየራሰ፤
ሁለቱ ለእኔ፣ ሦስተኛው ለቦርከና፣ አፉ ተከፍቶ እንዲያድር፤
«ለውዱእ ነው?» ይላል ጎረቤቴ ሙሄ። ምን ልናገር?

አራዳ ሥጋ ቤት ቆሜ «ጉበት፣ የአውራ ጣት ያህል» ስል፣
አረቡ ቢላውን ሰቅሎ ይስቃል፤ «ድመት አሳደግክ ልበል?»
«አዎ» አልኩት። እነሆ ለሌለች ድመት ስም ማውጣት ሊኖርብኝ ነው፤
ባለፈው «ወለደች ወይ?» አለኝ፤ «ገና ናት» አልኩ፤ ምን ልበለው?

ጉበቷን በወረንጦ አቀርባለሁ፣ የሰዓት ፀጉር በማነሳበት፤
ይሸተዋል፣ ይዞራል፣ ይስታታል፣ ደግሞ ይደርስባታል በድንገት፤
በሁለት እጁ፣ አዎ በእጁ፣ ወደ አፉ ይጠቀጥቃታል፤
ሠርግ ቤት እንደገባ ሕፃን፣ ማንም ሳይቀማው ይጣደፋል።
ምላስ የለውም። በሰፈራችን እንዲህ ያለ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀር፤
ሌሊት ከሟች ሚስቴ ከሩቅያ ጋር ሳወራ ሰምቶ፣ ለማንም የማይናገር።

ጦሳ ጉም ሲለብስ፣ ዝናቡ አባርቶ መሬቱ ሲለሰልስ፣
በስልሳ አንድ ዓመቴ ጓሮ አጎንብሼ ትል እለቅማለሁ፣ ጉልበቴ ጭቃ እስኪልስ።
አንድ ቀን ቆዳውን እንደ ሸሚዝ በራሱ በኩል አውልቆ፣ ሲውጠው አየሁ፤
ታመመ ብዬ፣ በድንጋጤ ጅማ ደወልኩ።
«ልብሱን ቀይሮ ነው፣ አባዬ» አለች። ሳቋን ከሰማሁ ቆይቼ ነበር፤ ሰማሁ።

ነሐሴ ላይ፣ አንድ ሌሊት፣ ድንጋዩን ረሳሁት።
ሲነጋ ጠጠሩና ውሃው ብቻ። ሣጥኑን ዞርኩት፣ ደግሜ ዞርኩት፤
አልጋ ሥር ተሳብኩ። ከጦይባ አሮጌ ጫማ ጎን፣
አቧራ ለብሶ አገኘሁት፣ የቅጠል በድን።
በባዶ እጄ አነሳሁት፤ ባደረው ውሃ አጠብኩት፤
ስንት የቆመ ሰዓት ያስነሳሁ ሰው፣ ጆሮዬን ደረቱ ላይ ደቀንኩት።
ይመታል።
ለጦይባ ግን አልነገርኳትም፤ እንደ ቦርከና ቆዳ፣ ዋጥ አደረግኩት።

ሐሙስ ማታ ትደውላለች፤ ኔትወርኩ ይቆራረጣል።
«በላ?»
«በላ።»
«ውሃውስ?»
«ያደረ ነው።»
«ክዳኑ?»
ዞር ብዬ ድንጋዩን አያለሁ። «ተጭኗል።»
ዝም ትላለች፤ የሌሎች ልጆች ድምፅ ከኋላዋ ይሰማል።
«አንተስ፣ በላህ?»
«እኔማ፣ ጠግቤ!» እላለሁ፣ ምድጃው ቀዝቅዞ፣ ድስቱ ተደፍቶ።
ቦርከና ያየኛል፣ ከመስታወቱ ጀርባ፣ እጁን ዘርግቶ።
ደግነቱ፣ ምላስ የለውም።